ሐምሌ 20፦ ቃኘው ኮሪያ የተዋጋው ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ታዲያ ተኩስ አቁሙ ለምን ሁለት ዓመት ፈጀ?

ዘአራት ኪሎ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ 20 በደረሰ ቁጥር ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ፎቶ ይለጠፋል፣ «ጀግኖቻችን» ተብሎ ይጻፋል፣ በማግስቱ ይረሳል። ስለ ጀግንነታቸው የምጨምረው የለኝም። ዘንድሮ መነጋገር የምፈልገው ስለ ቀኑ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ፓንሙንጆም ላይ የተፈረመው ምን ነበር? እስኪፈረም ድረስስ ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀ? (ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር አለ። የኮሪያ ጦርነት የፈነዳው ሰኔ 18 ቀን 1942 ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ቡሳን የደረሰው ሚያዝያ 28 ቀን 1943። እዚያ ከአሜሪካ መሣሪያ ጋር ሲተዋወቅና ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ለ32ኛው ሬጅመንት ተመደበ። ውጊያ የገባው በነሐሴ ነው። ድርድሩ ደግሞ ኬሶንግ ላይ የተከፈተው ሐምሌ 3 ቀን 1943። እንግዲህ ቃኘው ውጊያ ሲጀምር ተደራዳሪዎቹ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል ማለት ነው። በሦስቱ ሻለቆች የወደቁብን ከ120 በላይ ልጆች፣ የቆሰሉት ከ500 በላይ፣ ይህ ሁሉ የደረሰባቸው ማቆሚያው እየተመከረበት ባለ ጦርነት ውስጥ ነው።

መስመሩም በእነዚያ ሁለት ዓመታት እምብዛም ንቅንቅ አላለም። ሴኡል አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተገላበጠችው ገና በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው የጉብታ ጦርነት ነው፤ አንዱን ኮረብታ መያዝ፣ ማጣት፣ እንደገና መያዝ።

ታዲያ ምን ሲሠሩ ነበር? አጀንዳቸው አምስት ነጥብ ነበረው። የመጀመሪያው አጀንዳውን ራሱን ማጽደቅ ነው። ሁለተኛው የማካለያው መስመር፤ ሰሜኖቹ ከጦርነቱ በፊት ሁለቱን ኮሪያ ወደሚለየው 38ኛው መስመር እንመለስ አሉ፣ ለደቡቡ የሚዋጋው በአሜሪካ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ጦሩ በቆመበት ይሁን አለ፣ በኅዳር 1944 የዕዙ ሐሳብ አለፈ። ሦስተኛው ቁጥጥር ነበር፤ ብዙ ተጨቃጭቀውበት ስዊድን፣ ስዊዘርላንድ፣ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ ይቆጣጠሩ ተባለ። አምስተኛው፣ የኮሪያ የፖለቲካ ዕጣ ምን ይሁን የሚለው፣ ከሁሉም የከበደው መሆን ሲገባው በየካቲት 1944 በጥቂት ቀናት ተዘጋ። እንዴት? «ከፍተኛ ባለሥልጣናት በሦስት ወር ውስጥ ጉባኤ ተቀምጠው ይነጋገሩበት» ብለው ጻፉና ለሌላ ጊዜ አሳደሩት። በሰነዱ ውስጥ አንቀጽ 60 ማለት ይኸው ነው።

የቀረው አራተኛው፣ የምርኮኞች ጉዳይ ነበር። ከ1944 ጸደይ ወዲህ ጦርነቱን ያስቀጠለው ይህ አንድ ጥያቄ ነው፦ አገሬ አልመለስም የሚል ምርኮኛ በግድ ይመለስ ወይስ አይመለስ? እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነት ጦርነቱ ሲያበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይመለሱ ይላል፤ ቻይናና ሰሜን ኮሪያ ይህንን ያዙ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ደግሞ ሰው በጠመንጃ አፈሙዝ አይመለስም ብለው ቆረጡ። በሚያዝያ 1944 ምርኮኞቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። ከ130 ሺህ በላይ ከሚሆኑት እንመለሳለን ያሉት 70 ሺህ ገደማ ብቻ ሆኑ፤ ድርድሩም በዚሁ ተቆለፈ።

የኔ አቋም ይህ ነው። ፈራሚዎቹ ፖለቲካውን ወደ ጎን ትተው የወታደር ሰነድ ብቻ በመጻፋቸው ተኩሱ ቆመ፤ በዚሁ ምክንያት ደግሞ አገሪቱ እስከ ዛሬ ሁለት ሆና ቀረች። በመሃል ግን ያለቀው ሕይወት፣ የኛዎቹም ጭምር፣ ከመስመሩ ላይ የለወጠው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ተቃወሙኝ።

---

የኮሪያ ሰፈር ልጅ

ወንድሜ፣ «የለወጠው ነገር ጥቂት ነው» ያልከውን አያቴ ቢሰማ ዝም አይልህም ነበር። ነፍሱን ይማርና እሱ የሦስተኛው ቃኘው ነው። በግንቦት 1945 ዮክ እና አንክል የሚሏቸው ጉብታዎች ላይ የነበረውን ሌሊት ሲያወራ ነው ያደግኩት። በእሾህ ሽቦው ላይ ባዶ የሥጋ ጣሳ ያንጠለጥሉ ነበር፣ ውስጡ ጠጠር ያለበት። ሌሊት ጣሳው ኮሽ ካለ ነፋስ ይሁን ሰው መለየት አለብህ። ተኮስክ ማለት ያለህበትን አሳወቅክ ማለት ነው። እሱ እስኪሞት ድረስ ቤት ውስጥ ጣሳ ሲወድቅ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

ለነሱ ጉብታው የትም የማያደርስ አልነበረም። ከኋላቸው ሸለቆ አለ፣ ሸለቆው ውስጥ መንገድ አለ፣ መንገዱ ወደ ደቡብ ይወስዳል። ያንን ቢለቁ ሰነዱ ሲፈረም መስመሩ የሚሰመረው ሌላ ቦታ ነበር። አንተ ራስህ «ጦሩ በቆመበት ይሁን» ተባለ ብለሃል እኮ። ጦሩ የቆመበት ከሆነ እያንዳንዱ ጉብታ ድንበር ነው ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ምርኮኛ ሲለዋወጡ የኢትዮጵያ ስም አልነበረም። ሙትና ቁስለኛ ተሸክመው ነበር የሚወጡት። ሬሳውም ኋላ አገሩ ገብቶ ቅድስት ሥላሴ አርፏል።

---

አልማዝ ቲ

እኔ ያልገባኝ፣ ደቡብ ኮሪያ አልፈረመችም ሲባል እሰማለሁ። የራሷ ጦርነት ሆኖ እንዴት አልፈረመችም? ካልፈረመችስ በምን ትታሰራለች?

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ አልማዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠዋት በኛ 4 ሰዓት ላይ ፓንሙንጆም ገብተው የፈረሙት ሁለት ጄኔራሎች ናቸው፦ ለተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሌተና ጄኔራል ዊሊያም ሃሪሰን፣ ለሰሜን ኮሪያና ለቻይና ጄኔራል ናም ኢል። አሥራ ስምንት ቅጂ ነበር፤ በኮሪያ፣ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈ። እያንዳንዱን ፈረሙ፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ እጅ ሳይጨባበጡ ተነሥተው በየበራቸው ወጡ። ሲፈርሙ መድፍ ከውጭ ይሰማ ነበር፤ ተኩሱ የሚቆመው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበርና። አዳራሹን ሰሜኖቹ ለዚሁ ብለው ያቆሙት የእንጨት ቤት ነው፤ ዛሬም በነሱ በኩል ሙዚየም ሆኖ አለ። ከዚያ ዋናዎቹ አዛዦች በየቦታቸው ፈረሙ፦ ጄኔራል ማርክ ክላርክ ሙንሳን፣ የሰሜኑ ኪም ኢል ሱንግ ፒዮንግያንግ፣ የቻይናው ፔንግ ደህዋይ ኬሶንግ። ክላርክ ኋላ ሲጽፉ ድል ሳያገኝ ተኩስ አቁም የፈረመ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር አዛዥ እኔ ሆንኩ ብለው አዝነዋል።

ደቡብ ኮሪያን በተመለከተ፣ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ በ1942 ክረምት ጦራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር አድርገውት ነበር። ስለዚህ የክላርክ ፊርማ የደቡብ ኮሪያን ጦር ያስራል። የቱርክን፣ የእንግሊዝን፣ የኛን ቃኘውንም ያስራል። ኢትዮጵያም ለብቻዋ አልፈረመችም።

ሪ ግን ፊርማ መከልከል ብቻ አይደለም ያደረጉት። ሰኔ 11 ቀን 1945፣ ሊፈረም ሲቃረብ፣ አንመለስም ያሉ 27 ሺህ ገደማ የሰሜን ምርኮኞችን ጠባቂዎቹ በር ከፍተው እንዲለቁ አደረጉ። ስምምነቱን ለማፍረስ ነበር። ቻይኖቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ኩምሶንግ ላይ በሐምሌ የከፈቱት ትልቅ ማጥቃት ነው፤ ዒላማው በተለይ የደቡብ ኮሪያ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያለቀው በዚህ ነው። በመጨረሻ ዋሽንግተን ሰው ልካ ሪን ለመነች። የጋራ መከላከያ ውል፣ የኢኮኖሚ እርዳታ፣ ጦራቸውን ወደ 20 ክፍለ ጦር ማሳደግ፣ ይህ ሁሉ ቃል ተገባላቸውና «አልፈርምም፣ ግን አላደናቅፍም» አሉ። ውሉ በመስከረም 1946 ተፈረመ። የአሜሪካ ጦር ዛሬም እዚያ ያለው በሱ ነው።

ለዘአራት ኪሎ አንድ ነገር። የምርኮኞቹን ምርመራ ንጹሕ አድርገህ አቅርበኸዋል። ኮጄ ደሴት ያለው ካምፕ ውስጥ ምርኮኞቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ይገዳደሉ ነበር። ኮሚኒስቶቹ በያዙት ግቢ አልመለስም ያለ ይገደላል፤ ፀረ ኮሚኒስቶቹ በያዙት ግቢ እመለሳለሁ ያለ ይደበደባል፣ ሰውነቱ ላይ በግድ ንቅሳት ይነቀሳል። የካምፑ አዛዥ ጄኔራል ዶድ ራሳቸው በሚያዝያ 1944 መጨረሻ በምርኮኞቹ ተይዘው ነበር። ስለዚህ 70 ሺህ የሚለውን ቁጥር እንደ ነፃ ምርጫ ውጤት አትውሰደው።

---

ዘአራት ኪሎ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የኮጄን ነገር እርስዎ እንዳሉት ነው የምቀበለው።

የኮሪያ ሰፈር ልጅ፣ አያትህን ነፍስ ይማር። ነጥብህ ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ። መስመሩ ጦሩ በቆመበት ይሁን የሚለው ስምምነት የሚሠራው በ30 ቀን ውስጥ ሌላው ሁሉ ካለቀ ነበር። አላለቀም። ስለዚህ ጉብታው ሁሉ እንደገና ዋጋ አወጣ፣ ደሙም እንደገና ፈሰሰ። ፖርክ ቾፕ የተባለውን ኮረብታ እይ፤ በሚያዝያና በሐምሌ ስንት ሰው አለቀበት? ከዚያ ሐምሌ 4 ቀን አሜሪካኖቹ ለቀውት ወጡ። ፊርማው ሊደርስ 16 ቀን ሲቀረው። ዛሬ ከጦር ነፃ በሆነው ቀጠና ውስጥ ነው ያለው፤ ማንም አይኖርበትም።

በ1945 ነገሩን ያንቀሳቀሰውም ኮረብታ አይመስለኝም። ስታሊን የካቲት 26 ሞተ። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ሞስኮም ቤጂንግም ቋንቋቸውን ለወጡ፤ በሚያዝያ የታመሙና የቆሰሉ ምርኮኞች ልውውጥ ተጀመረ። የቀሩት አንመለስም ባዮች ለገለልተኛ ኮሚሽን ይሰጡ ተባለና በሕንዱ ጄኔራል ቲማያ ሰብሳቢነት በሕንድ ወታደር እጅ ተቀመጡ። መጨረሻቸውን ታውቃላችሁ? ከ14 ሺህ በላይ ቻይናውያን ታይዋን ሄዱ። በሌላው በኩል 21 አሜሪካውያንና አንድ እንግሊዛዊ አንመለስም ብለው ቀሩ። ጥቂቶች ደግሞ ሁለቱንም ኮሪያ አንፈልግም ብለው ከሕንዶቹ ጋር መርከብ ተሳፈሩ፤ አርጀንቲናና ብራዚል ድረስ የገቡ አሉ።

---

ብሩክ ከቨርጂኒያ

እኔ በምርኮኞቹ ጉዳይ ከትሩማን ጋር ነኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ምዕራባውያን የሶቪየት ምርኮኞችን በግድ መልሰው ስንቱ ሳይቤሪያ ገባ፣ ስንቱ ተገደለ። ያንን ያየ ሰው ሁለተኛ አላደርገውም ቢል አይፈረድበትም። ዋጋው ከባድ ነው፣ አዎ። ግን «መልሰን ብንሰጣቸው ጦርነቱ በ1944 ያልቅ ነበር» ማለት ቀላል የሚሆነው ተመላሹ ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ያለው የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ላይ በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ የ22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያም አለች። እዚህ አናንዴል የኮሪያውያን ሰፈር ነው፣ እኛም ብዙ ነን። አንድ የኮሪያ ሽማግሌ ጎረቤቴ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ስነግራቸው ቆመው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወንድማቸው ሰሜን ቀርቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቁ ሰባ ዓመት። ስለ ተኩስ አቁሙ ስታነሣላቸው «ጥይቱን አቆመ፣ በሩንም ዘጋ» ነው የሚሉት።

---

የምሥራቅ ጮራ

ዘአራት ኪሎ ለስላሳ አድርጎ አለፈው እንጂ፣ ይህ ተኩስ አቁም ክፍፍልን ያጸደቀ ሰነድ ነው። በነሐሴ 1937 ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች፣ ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል፣ በአንድ ሌሊት የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ይዘው 38ኛውን መስመር መረጡ። ሕዝቡን ማንም አልጠየቀም። ከሦስት ዓመት ጦርነት በኋላም ሕዝቡን ማንም አልጠየቀም። ኮሪያ ከሺህ ዓመት በላይ አንድ መንግሥት የነበረች አገር ናት። ጄኔራሎች ተሰብስበው አራት ኪሎ ሜትር ስፋት፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ባዶ መሬት በመሃሏ አስገቡ። «ጦርነቱ ቆመ» ብሎ ማመስገን ይከብደኛል።

---

ሰላም ከሴኡል

እኔ እዚህ ስኖር ቆይቻለሁ፣ ሁለት ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ቾርዎን ነው። አባቶቻችን የተዋጉበት የብረት ሦስት ማዕዘን ይሉት የነበረው አንዱ ጫፍ። ከጦርነቱ በፊት ከተማው የሰሜን ነበረ፣ ከ38ኛው መስመር በላይ ስለሆነ። እዚያ የሰሜኑ ገዥ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት የነበረ ሕንፃ ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም፣ ወለሎቹ ወድቀዋል፣ ግድግዳው ሁሉ የጥይትና የመድፍ ቀዳዳ ነው። በዙሪያው ከተማ የለም፣ ሩዝ ነው። ዛሬ ቦታው የደቡብ ነው። ኬሶንግ ደግሞ የተገላቢጦሽ፤ ከመስመሩ በታች ስለነበረች የደቡብ ነበረች፣ ተኩስ አቁሙ ሲፈረም ሰሜን ቀረች። ቾርዎን የተወለደ ሰውና ኬሶንግ የተወለደ ሰው ቤታቸው ሆነው አገር ተቀየረባቸው። ስለዚህ የኮሪያ ሰፈር ልጅ ያለው ልክ ነው፤ ኮረብታዎቹ የሰው ዕጣ ወስነዋል። የመስመሩ ምልክትም ብዙዎች እንደሚያስቡት ግንብ አይደለም። 1,292 ቢጫ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው፣ በእንጨትና በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ፤ ወደ ደቡብ ያለው ፊታቸው በኮሪያና በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሰሜን ያለው በኮሪያና በቻይንኛ። አጥሩ ያለው ከዚያ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።

ሁለተኛው ቹንቾን ነው። የኛ ሐውልት እዚያ ነው፤ ጃንሆይ በግንቦት 1960 መጥተው የመረቁት። አጠገቡ በ1999 የተከፈተው የመታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው የጎጆ ቅርጽ አለው። ከመንገዱ ማዶ ኩሬው ዳር «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ከሐውልቱ ዘመን ጀምሮ ያለ። የኮሪያ ወጣቶች ገብተው ቡና ይጠጣሉ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስታውቅ ገንዘብ አልቀበልም አለችኝ።

የምሥራቅ ጮራ፣ ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል። ግን እዚህ ያሉ አዛውንቶችን ብትጠይቃቸው «አንድ እስክንሆን እንዋጋ» የሚል አታገኝም። አገሩ አመድ ነበር። የሰሜኑ ከተሞች በአሜሪካ አውሮፕላን ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልቀረባቸውም ነበር።

---

የኮሪያ ሰፈር ልጅ

ሰላም፣ እህቴ፣ ይህንን ስለጻፍሽ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ቹንቾን ያለውን አያቴ ሳያየው ነው ያለፈው።

አገር ቤት የሆነውንም ማወቅ ጥሩ ነው። ደርግ ሲመጣ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ ነው በ1977 የቆመው። በዚያ ዘመን «ደቡብ ኮሪያ ዘመትኩ» ማለት የሚያኮራ አልነበረም። አያቴ ሜዳሊያውንና አንዲት ፎቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ሥር፣ ከእህል ጆንያ በታች አስቀምጦ ነበር። አያቴ የተዋጋው ያቺን አገር ለመከላከል ነው፣ ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ደግሞ የሌላኛዋ ወዳጅ ሆነ። ይህም የዚያ ያልተዘጋ ጦርነት ጣጣ ነው፤ ቀዝቃዛው ጦርነት እኛ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር።

---

አልማዝ ቲ

መምህር አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ በሦስት ወር ውስጥ የተባለው ጉባኤስ? ተካሄደ?

---

ጡረተኛው መምህር

ዘግይቶ ተካሄደ። ጄኔቫ ላይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 1946። ኢትዮጵያም ጦር ካዘመቱት አገሮች አንዷ ሆና ተወክላ ነበር። ያለ ውጤት ተበተነ። ደቡቡና ምዕራባውያኑ በተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪነት ምርጫ ይደረግ አሉ፣ ሰሜኑ የውጭ ጦር ሁሉ መጀመሪያ ይውጣ፣ ተባበሩት መንግሥታት ራሱ ተዋጊ ስለሆነ ዳኛ አይሆንም አለ። ከዚያ ወዲህ አንቀጽ 60 ወረቀት ላይ ቀረ።

ሰነዱ ራሱም ቀስ በቀስ ተሸራረፈ። አዲስ መሣሪያ ወደ ኮሪያ እንዳይገባ የሚከለክለውን አንቀጽ የተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሰሜኖቹ ጥሰውታል ብሎ በሰኔ 1949 አልገዛበትም አለ፤ በጥር 1950 የአሜሪካ ኑክሌር መሣሪያ ደቡብ ገባ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ቆየ። ሰሜኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ቼኮቹን፣ በ1995 ፖላንዶቹን ከገለልተኛው የተቆጣጣሪዎች ኮሚሽን አባረረ። ስዊድንና ስዊዘርላንድ ዛሬም በደቡብ በኩል ፓንሙንጆም አሉ፣ ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ቢሆንም።

የባሕሩን ነገር ደግሞ አትርሱ። ተኩስ አቁሙ የየብሱን መስመር ሲያሰምር በምዕራብ በኩል ባሕሩ ላይ አላሰመረም። አምስት ደሴቶች በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር ይሁኑ አለና አለፈ። ዕዙ በኋላ ለራሱ መርከቦች ብሎ ያወጣውን መስመር ሰሜኑ ድንበር ነው ብሎ አይቀበልም። በኅዳር 2003 ዮንፕዮንግ ደሴት በመድፍ የተደበደበችው በዚያ ነው። ከየብሱ ይልቅ ዛሬ የሚያሰጋኝ ያ ባሕር ነው።

---

የምሥራቅ ጮራ

መምህር ያሉት እኔ ካልኩት ጋር ይሄዳል እኮ። ጉባኤው ከሸፈ፣ ሰነዱ ተሸረሸረ። እንግዲህ ዘአራት ኪሎ ንገረኝ፣ ለምን «ተኩስ አቁም ይሻላል» ትላለህ?

---

ዘአራት ኪሎ

እሺ፣ ልመልስልህ። ፖለቲካውን አብረው ይፈቱ ቢባል ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር? ሪ እስከ ቻይና ድንበር፣ እስከ «ያሉ» ወንዝ እንሂድ ይላሉ። ኪም ደቡቡን ነፃ ላውጣ ብሎ ነው ጦርነቱን የጀመረው። ሁለቱም ያለ ቻይናና ያለ አሜሪካ አይችሉም፣ ሁለቱ ኃያላን ደግሞ ደክሟቸዋል። በዚያ ሁኔታ ስለ አንድነት ለመስማማት ብትጠብቅ ዛሬም ትዋጋለህ። ጄኔራሎቹ ያወቁት ነገር ቢኖር የሚችሉትን ለክተው መጻፋቸው ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ስንት ኪሎ ሜትር ወደኋላ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ማን ከየት ይወጣል፣ ፈንጂው ማን ያነሣል፣ ሬሳ እንዴት ይሰጣል። 63 አንቀጽ ነው፤ አብዛኛው ይህንን የመሰለ ነው። ፈርመው በወጡ በ12 ሰዓት ግንባሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ይህ ቀላል አይደለም፣ ስንት ተኩስ አቁም በማግስቱ ሲፈርስ አይተናል።

የኔ ቁጭት ሌላ ቦታ ነው። ይህንኑ ሰነድ፣ ከምርኮኞቹ አንቀጽ በቀር፣ በ1944 ግንቦት ይዘውት ነበር። በዚያን ቀን ተኩሱን አቁመው ስለ ምርኮኞቹ እየተጨቃጨቁ መቀመጥ ይችሉ ነበር። ማንም አላደረገውም፤ ሁለቱም ወገን ተኩሱ ከቆመ መደራደሪያዬን አጣለሁ ብሎ ፈራ። ብሩክ፣ ምርኮኛን በግድ አለመመለስ ትክክል ነው ስትል እስማማለሁ። ግን እየተኮሱ መከራከር ግዴታ አልነበረም። ሦስተኛው ቃኘው ግንባር የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

---

ብሩክ ከቨርጂኒያ

እዚህ ላይ አልስማማም። ተኩስ አቁመህ ብትቀመጥ ሰሜኖቹ መሣሪያ አስገብተው፣ ምሽግ ቆፍረው በዓመቱ ይመለሱ ነበር። ድርድሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲካሄድ ግንባሩ ቀዝቅዞ ምሽጋቸውን እንዴት እንዳጠነከሩ ታውቃለህ። አሜሪካኖቹ የፈሩት ያንን ነው፣ ፍርሃታቸውም ባዶ አልነበረም።

---

አልማዝ ቲ

ዛሬስ ማን ነው ወደ ሰላም ስምምነት ሊያሻግረው የሚችል? ሁለቱ ኮሪያዎች ብቻ ቢስማሙ ይበቃል?

---

ጡረተኛው መምህር

ፈራሚዎቹ የጦር አዛዦች ስለሆኑ በዚህ ላይ የሕግ ሰዎች ይከራከራሉ። በተግባር ግን አሜሪካና ቻይና ሳይገቡበት አይሆንም። ሚያዝያ 19 ቀን 2010 የደቡቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙን ጄ ኢን እና የሰሜኑ መሪ ኪም ጆንግ ኡን ፓንሙንጆም ተገናኝተው በዚያው ዓመት የጦርነቱን ማብቃት እናውጃለን ብለው ነበር፤ አልሆነም። የተለያዩ ቤተሰቦች ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙትም በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው፤ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ አብዛኛው ሳይደርሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ ኪም አንድነት የሚባለው ዓላማ ከሕገ መንግሥቱ ይውጣ አሉ፣ ፒዮንግያንግ የነበረውን የአንድነት ቅስትም አፈረሱት። ሰሜኑ ለተኩስ አቁሙ አልገዛም ያለባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. 2013ን ጨምሮ። ነገር ግን አንቀጽ 62 ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው በግልጽ በሌላ እስኪተኩት ድረስ ይጸናል ስለሚል፣ አንዱ ወገን ብቻውን ፈረሰ ቢለው አይፈርስም። ብሩክና ዘአራት ኪሎ የጀመሩትን ክርክር ግን ቀጥሉበት። በ1944 ቢቆም ምን ይሆን ነበር የሚለውን ተማሪዎቼም ዓመት ሙሉ ተከራክረውበት አልጨረሱትም።